ማን ይለፍ? ማን ይመለስ?

ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ በአንድ ወቅት ሰንጋ በሬ የሚሸጥበት ስፍራ ነበር። ዛሬ አካባቢውን የያዙት የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ናቸው። በየበሩ ዘበኛ አለ፤ ይፈትሻል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ያልተፈቀደለትን ይመልሳል። ይሁን እንጂ የዘመኑ ገንዘብ በዚህ በር ብቻ አያልፍም፤ በኔትወርክም ይተላለፋል። በዚያኛው በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ራውተር ሲሆን፣ በእጁ የያዘው ወረቀት ደግሞ የመግቢያ መቆጣጠሪያ ዝርዝር ይባላል።

በኔትወርክ የሚላክ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ እሽግ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይዞ ይጓዛል። የሚፈልገውን አገልግሎት የሚያመለክት ቁጥርም አለው፤ ይህም ፖርት ይባላል። የተመሰጠረ ድረ ገጽ በ443 ይገባል፤ የይለፍ ቃልን ሳይሸሽግ የሚልከው አሮጌው ቴልኔት በ23 ይገባል።

በሲስኮ ራውተሮች ከ1 እስከ 99 ቁጥር የሚሰጠው መደበኛ ዝርዝር ላኪውን ብቻ ያያል። ከ100 እስከ 199 ያለው ሰፊው ዝርዝር ግን ላኪውንም፣ ተቀባዩንም፣ ፖርቱንም ይመረምራል።

አንድ አስመጪ ድርጅት እንውሰድ። የእንግዶች ዋይፋይ በ192.168.20 በሚጀምሩ አድራሻዎች ይሠራል እንበል። የሚፈለገው እንግዶች ኢንተርኔት እንዲያገኙ፣ የሒሳብ ሰርቨሩን ግን እንዳይነኩ ነው። ስለዚህ የሰፊው ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር «ከ192.168.20 የመጣ ወደ ሰርቨሩ አይለፍ»፣ ሁለተኛው «የቀረው ይለፍ» ይላል። ዝርዝሩም የእንግዶቹ መረጃ ወደ ራውተሩ በሚገባበት በር ላይ ይደረጋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ዘበኛው ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ለእሽጉ የሚስማማውን የመጀመሪያ መስመር ሲያገኝ ማንበቡን ያቆማል። ሁለቱ መስመሮች ቢቀያየሩ «ይለፍ» የሚለው ስለሚቀድም ክልከላው ከወረቀት አያልፍም። በሌላ በኩል በዝርዝሩ መጨረሻ ያልተጻፈ ትእዛዝ አለ፤ «ሌላው ሁሉ ይመለስ» የሚል። ክልከላውን ብቻ ጽፎ የሄደ ባለሙያ የእንግዶቹን ኢንተርኔት በሙሉ ይዘጋል። ይኸው ስሕተት በሒሳብ ክፍሉ በር ላይ ከተሠራ ደግሞ የዕለቱ ክፍያ ሳይተላለፍ ያድራል።

ዘበኛው የማይችለውም አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ለማውጣት ችለው ነበር፤ መጠኑም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተገልጿል። ባንኩ ምክንያቱ የሲስተም ችግር እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል። ሰዎቹ የገቡት በተፈቀደላቸው በር ነው። ዝርዝሩ ማን እንደሚያልፍ ይወስናል፤ ያለፈው ሰው የጠየቀው ገንዘብ የራሱ መሆኑን ግን አይመረምርም። ያ የሌላ ቁጥጥር ሥራ ነው።

ዝርዝሩ በአብዛኛው ከራውተሩ ጋር ስለሚመጣ ለብቻው አይገዛም። ወጪው ማን ምን እንደሚያስፈልገው አስቦ መጻፉ ላይ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። ዝርዝሩ የተደረገው በየትኛው በር ላይ ነው? በስንተኛው መስመር ለማን ተፈቅዷል? ሥራ ለለቀቀው ሠራተኛ ኮምፒዩተር የተሰጠው ፈቃድስ ተሰርዟል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል።