የቦይ ቁልቁለት እንዴት ይሰላል?

ዝናብ ከመግባቱ በፊት በቦኖዎችና በመጠለያዎች ዙሪያ ቦይ እንቆፍራለን። ቁልቁለቱ ካነሰ ውሃው ተኝቶ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ከበዛ ደግሞ አፈሩን እየጠረገ የጎረቤትን ግድግዳ ይሸረሽራል። ስለዚህ በዓይን ግምት ሳይሆን በልክ እንሥራ። ለአፈር ቦይ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበቃል።

በመጀመሪያ በቦዩ ሁለት ጫፎች ላይ ችካል እንትከል። ውሃ በተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በሁለቱም ችካሎች ላይ እኩል ከፍታ ምልክት አድርገን ሲባጎ እንወጥር። ከዚያም ከሲባጎው እስከ ቦዩ ወለል ያለውን በሁለቱም ጫፍ እንለካ። ልዩነቱ ዝቅታው ነው።

ምሳሌ፦ ሲባጎው 15 ሜትር (1,500 ሴ.ሜ) ነው። ከላይኛው ጫፍ 40 ሴ.ሜ፣ ከታችኛው 70 ሴ.ሜ አገኘን። ዝቅታው 30 ሴ.ሜ ነው።

1. በመቶኛ፦ 30 ÷ 1,500 × 100 = 2 በመቶ።
2. በጥምርታ፦ 30 ለ 1,500፣ ሲቃለል 1 ለ 50።
3. በማዕዘን፦ ታንጀንቱ 0.02 የሆነው ማዕዘን 1.15 ዲግሪ ገደማ ነው።

እንጠንቀቅ፦ 100 በመቶ ማለት 45 ዲግሪ እንጂ 90 ዲግሪ አይደለም።

መልመጃ፦ 20 ሜትር ቦይ 1 በመቶ ቁልቁለት እንዲኖረው ዝቅታው ስንት ይሁን?

መልስ፦ 20 ሴ.ሜ።