ሞጆ ላይ ለሚሠራ ቢሮ ክላዲንግ አመራረጥ

ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ቢሮ የሚያሠራ ሰው ክላዲንግ መምረጥ የሚጀምረው ከቀለም ናሙና ከሆነ ያሳስበኛል። ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። ከሰዓት በኋላ ግን በምዕራብ በኩል የተቀመጠው ሠራተኛ መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አብርቶ ይውላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይዋን አስሉ። ሞጆ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት በዚያ ሰዓት ሙሉ ጥላ እንዲያገኝ በሰሜን በኩል 40 ሴንቲ ሜትር የወጣ መከለያ ይበቃዋል፤ በደቡብ ግን ወደ 95 ይጠጋል። ይህ ከበዛባችሁ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ከላይ፣ አንዱን መሐል ላይ አድርጉት። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ እንዲህ ያለው መከለያ አያድንም። እዚያ መስኮት ቀንሱ፤ ደረጃው፣ መጸዳጃውና መዝገብ ቤቱ ወደዚያ ይዙሩ።

ቀጥሎ ግድግዳውን በብሎኬት ሠርታችሁ ለስኑ፤ ከክላዲንጉ ጀርባም የሞቀው አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። እሳት ከተነሳ ግን ይኸው ክፍተት ጭስ ማውጫ ይሆናል። በየወለሉ የእሳት ማገጃ ይግባበት፤ አሉኮቦንድ ከመረጣችሁም መሐሉ ፕላስቲክ የሆነውን አትግዙ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ተቃጥሎ 72 ሰው የሞተው እሳቱ በዚህ ዓይነት ፓነል ላይ ተዛምቶ ነው። ሻጩ «እሳት አይዘውም» ቢላችሁ የፈተና ማስረጃውን በወረቀት ጠይቁ።

ከባድ መኪና የሚያልፍበት የታችኛው ክፍል ድንጋይ ይሁን። ድንጋዩን በሙጫ ብቻ አትለጥፉ፤ በማይዝግ ብረት እሰሩት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ ሞጆም ያለችው እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ፓነሉ ሲገጠም ፎርማኑን በቅርብ ተከታተሉት። 3 ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሲጨምር 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ የሌሎቹ ቡሎኖች ቀዳዳ ሞላላ ይሁን። በፓነሎቹ መካከል ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይተው፤ ካልተተወ ፓነሉ መሐሉ ላይ ያብጣል።

ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት መስኮት ያለበት ናሙና በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አስገጥሙ። በጎማ ውሃ ርጩበትና ከውስጥ ሆናችሁ ማርጠቡን እዩ። አቧራው ስለማይቀር አጣቢው የሚቆምበትንና ገመዱን የሚያስርበትን ቦታም አብራችሁ ንደፉ። ጎረቤቶቹ ሳይነኩ አንድ ፓነል ብቻውን ወጥቶ መመለስ ካልቻለ ንድፉን ቀይሩ፤ መኪና የገጨውን ለመለወጥ ግድግዳውን በሙሉ ማፍረስ ይመጣልና።