የቁንጫ ስም ከየት መጣ?

ቁንጫን የማያውቅ የለም። ሌሊት ስትነክሰን ስሟን እየጠራን እንረግማታለን። ታዲያ ስሟ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን እናውቃለን? በግዕዝ «ቍንጽ» ትባላለች። በትግርኛ «ቁንጪ» ይሏታል። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ስሞቹም ይቀራረባሉ።

እስቲ ደግሞ ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ። ከቱርክ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በጥቁር ባሕር ዳር፣ ጆርጂያ የምትባል ተራራማ አገር አለች። በእርሷና በአዋሳኟ በቱርክ ምድር አራት ዘመዳም ቋንቋዎች ይነገራሉ። እነርሱም ጆርጂያኛ፣ ሚንግሬልኛ፣ ላዝኛና ስቫንኛ ናቸው። ከእኛ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና የላቸውም። ሆኖም «ጠ» እና «ጸ» የመሳሰሉትን ድምፆች እንደ እኛ አጥብቀው ይናገራሉ።

በእኛ ፊደል አቅርበን ስንጽፈው፣ ቁንጫ በጆርጂያኛ «ርጽቂሊ» ነው። በሚንግሬልኛ «ጽቂሪ»፣ በላዝኛ «ምጽቂሪ» ይባላል። ልብ በሉ! የጆርጂያኛው «ሊ» በሁለቱ ዘንድ «ሪ» ሆኗል። አጋጣሚ ይሆን? ሌላ ቃል እንመልከት። «ልብ» ለማለት ጆርጂያኖች «ጉሊ» ይላሉ። ሚንግሬሎችና ላዞች «ጉሪ» ይላሉ። አሁንም «ሊ» «ሪ» ሆነ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሥርዓት ይዞ ሲደጋገም፣ ቃሉ ከአንድ እናት ቋንቋ የተወረሰ መሆኑን ያሳያል።

መመሳሰል ብቻውን ግን አይበቃም። እኛ «ሻይ» የምንለውን ጆርጂያኖች «ቻይ» ይሉታል። ይህ ንግድ ያዞረው ስም ነው እንጂ ዝምድና አይደለም።

የጆርጂያኛ ጽሑፍ ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይገኛል። ሚንግሬልኛና ላዝኛ ግን ለብዙ ዘመን የኖሩት በገበሬውና በዓሣ አጥማጁ አፍ ነው። ሊቃውንት ከሕዝቡ አፍ ሰምተው ባይጽፉ ኖሮ የቁንጫ ስም ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ባልታወቀም ነበር። ጆርጂ ክሊሞቭ የተባለ ሊቅ በ1964 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ቋንቋዎች የቃላት ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ዛሬ ግን ብዙ ልጆች የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ስለሚመርጡ ሁለቱ ቋንቋዎች እየሳሱ ነው። ቃል ከተናጋሪው ጋር ሲሞት ምስክርነቱም አብሮ ይሞታል።

እኛም ፊደል ቆጥረናል። አያቶቻችን የሚያውቋቸውን የትሉን፣ የዛፉንና የሣሩን ስም ጠይቀን እንጻፍ። ተራ የሚባል ስም የለም።

ጥያቄዎች
1. በጆርጂያኛና በላዝኛ የቁንጫ ስም ልዩነቱ ምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቁት የነፍሳት ስም አለ? ጻፉት።