ስለ አሮጌ መኪና ካምቢዮ አወራረድና አጠጋገን

በመተማ፥ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሰሊጥ አዝመራ ቀን አይሰጥም። የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ታጭዶ ካልታሰረ ቅርፊቱ እየተከፈተ ፍሬው ይረግፋል። በመስከረምና በጥቅምት ሠራተኛና ውኃ የሚያመላልሰው መኪና ካምቢዮው ተበላሽቶ የቆመ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ የመኪናው ብቻ ሳይሆን የአዝመራውም ነው። ስለዚህ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም ፒካፕ ያለው የእርሻ ባለቤት፥ የመንግሥት መኪና በአደራ የተሰጠውም የወረዳ ሹም፥ ይህን ሥራ ምርቱ ከተጓጓዘ በኋላ፥ ዝናብም ከመግባቱ በፊት ሊያሠራ ይገባዋል።

1ኛ፤ ሕመሙን ስለ መለየት።
ካምቢዮው ሳይወርድ አስቀድሞ ጉድለቱ የፍሪሲዮን እንዳይሆን ይመርመር። ሞተሩ እየሠራ ማርሽ እንቢ ብሎ፥ ሞተሩ ሲጠፋ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ፥ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም ማለት ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። ማርሽ ሳይገባ የሚሰማው ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። የገባ ማርሽ በራሱ የሚወጣ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ወይም ሹካው ተበልቷል።

2ኛ፤ ስለ ማውረድ።
የቆላው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ይሰምጣል፤ ስለዚህ መኪናው በሲሚንቶ ወይም በወፍራም ሳንቃ ላይ ይነሣ። ጎማዎቹ ይታገዱ፤ ከሻንሲው ሥርም ጽኑ የብረት መደገፊያ ይቁም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ በዚህ ቸልታ የሰው ሕይወት ይጠፋልና። ከዚያ የባትሪው ነጋቲቭ ሽቦ ይፈታ፤ ዘይቱም በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ። በዘይቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ቢገኝ የጥርስ ወይም የኩሽኔታ መሰበር ምልክት ነው። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ከመፈታቱ በፊት እንደ ነበረ እንዲመለስ ምልክት ይደረግበት። የሞተሩ ጀርባና ካምቢዮው እየራሳቸው ተደግፈው ቡሎኖቹ ከወጡ በኋላ፥ ካምቢዮው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ እንጂ በፊተኛው ዘንጉ ላይ አይንጠልጠል፤ ሸራው ይጣመማልና። አራቱን ጎማ የሚነዳ መኪና ተጨማሪ የማርሽ ሳጥን ስላለው፥ ክብደቱ ለአንድ ሰው የሚሞከር አይደለም።

3ኛ፤ ስለ ማደስና ስለ መመለስ።
ካምቢዮው አቧራ በማይገባበት ቤት ይከፈት፤ ዕቃዎቹም በናፍጣ ታጥበው እንደ አወጣጣቸው ተራ በጨርቅ ላይ ይደርደሩ። የተሸረፈ ጥርስ፥ የላላ ኩሽኔታ፥ ያለቀ የነሐስ ቀለበት ይለወጥ። ዘይት የሚያግደው ጎማ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ያረጀ የፍሪሲዮን ሸራም ካለ ሥራው ሁለት ጊዜ እንዳይሆን አብሮ ይለወጥ። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ኩሽኔታ የተባሉት ስሞች ከኢጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸውና፥ በሠሪው መጽሐፍ ካለው ስም ጋር ስለማይገጥሙ፥ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ዕቃ ይዞ ይሂድ።

በመመለስ ጊዜ ሸራው ከመሐል ለመሐል ይስተካከል። ካምቢዮው በእጅ ግፊት ካልገባ በቡሎን አይጎተት፤ ጆሮው ይሰበራልና። ዘይቱም የሠሪው መጽሐፍ ያዘዘው ዓይነት ሆኖ እስከ ልኩ ይሞላ። የተቀዳው አሮጌ ዘይት ሰውና ከብት ወደሚጠጡት ወንዝና ጉድጓድ አይፍሰስ።

በበጋ በጥንቃቄ የታደሰ መኪና በአዝመራ ወራት ባለቤቱን አያሳፍርም።