ከሾላ እስከ ቦሌ፦ ማደሪያ ስለሌላቸው ሰዎች የቀረበ አጭር ጥናት

በ1958 ዓ.ም. የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ጥያቄው «ድህነት ወንጀል ነውን?» የሚል ነው። ለዚህ ያበቃቸውም ለማኞችና መጠጊያ የሌላቸው ድሆች ከከተማው መንገድ እየታፈሱ ሾላ በተባለው ሰፈር በሚገኝ ካምፕ ይታጐሩ ስለ ነበረና አያያዛቸውም ለሰው ልጅ የማይገባ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «መሬት ላራሹ» ተብሎ የተወጣው ሰልፍ በታሪክ መጻሕፍት ሰፊ ቦታ ሲያገኝ፣ የሾላው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሾላ ዛሬ ገበያ ነው። ከመገናኛ አጠገብ ስለሆነ ብዙዎቻችን በየቀኑ እናልፈዋለን፤ በዚያ ስፍራ ስለ ተደረገው ነገር ግን አንድም አስተማሪ ሲነግረን አልሰማንም፤ ያገኘነው ለሌላ ጉዳይ መጽሐፍ ስናገላብጥ ነው።

ትምህርታችን የቋንቋ ስለሆነ ከቃሉ ብንጀምር አንባቢ አይቀየመንም። አሮጌው ቃል «በረንዳ አዳሪ» ነው፤ ይህም ሰውዬው ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ ብቻ ይናገራል። ኋላ የመጣው «ጎዳና ተዳዳሪ» ደግሞ ኑሮውን በምን እንደሚገፋ ይናገራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በቦሌ መንገድ ቀኑን ሙሉ ማስቲካና ሶፍት ሲሸጥ ውሎ ማታ ወደ እናቱ ቤት የሚመለስ ልጅ አለ፤ ከእርሱ ጋር አብሮ እየሸጠ የሚመለስበት የሌለውም አለ። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተን አንድ ዓይነት ርዳታ ብናዘጋጅላቸው ለመጀመሪያው የማያስፈልገውን፣ ለሁለተኛው የማይበቃውን መስጠታችን ነው። ከሁሉ የሚያስገርመን ግን «የኔ ቢጤ» የሚለው ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጐም «እኔን የሚመስል፣ አቻዬ» ማለት ነው። ዛሬ ስንናገረው ግን እኛን የማይመስለውን ሰው ለማመልከት ሆኗል።

ማደሪያ ማጣት በካርቶንና በማዳበሪያ ላይ ተኝቶ በሚታየው ሰው ብቻ አያበቃም። በሌላ ሰው የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ሆኖ፣ ጥግ ይዞ የሚያድር አለ። ሕንፃ ሲሠራ በሲሚንቶ ከረጢት መካከል የሚተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ አብሮ የሚወጣ የቀን ሠራተኛ አለ። ባለፈው ዓመት ከእኛው ክፍል አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ በቤተ መጻሕፍቱ በር እየተገኘ ትጉህ ይባል ነበር። እኛም እናደንቀው ነበር። በኋላ እንደ ተረዳነው ልጁ ቤት የተከራየለት አጎቱ ከሥራ ስለ ተሰናበተ፣ ገርጂ አካባቢ በአንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ ጐጆ ውስጥ ሦስት ወር አድሯል። ዘበኛው የአገሩ ሰው ነበሩ። ለማንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ለምን አልነገርከንም ባልነው ጊዜ «ምን ትሉኝ ነበር?» ብሎ ሣቀ። ለጥያቄው መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ነገሩ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ከገጠር እየፈለሱ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ፍልሰት እንዳለ አይካድም፤ ድርቅ፣ የመሬት ጥበትና ጦርነት ሰውን ከቀዬው ያስወጣሉ። ነገር ግን ሰው ወደ ከተማ መምጣቱ ብቻውን በረንዳ አያሳድረውም፤ በረንዳ የሚያሳድረው በከተማው ውስጥ በአቅሙ የሚያገኘው ቤት አለመኖሩ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። እነዚህ የጭቃ ቤቶች ጣራቸው ቢያፈስም ለድሃው በአቅሙ የሚከፍልባቸው ነበሩ። ከእነርሱ በላይ አዲስ የቀበሌ ቤት እምብዛም አልተጨመረም፤ ይልቁንም ከተማው ሲታደስ ብዙዎቹ ፈረሱ።

የኮንዶሚኒየሙ ዘመን የተጀመረው በእኛው በምሥራቁ አቅጣጫ ነው። በ1996 ዓ.ም. ለሙከራ የተሠራው ቦሌ ገርጂ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ተስፋፋ። በ2005 ዓ.ም. 10 በ90፣ 20 በ80፣ 40 በ60 በሚባሉ መደቦች ብዙ መቶ ሺህ ሰው ተመዘገበ። ለብዙ ቤተ ሰብ ትልቅ ዕድል እንደሆነ እናምናለን። ነገር ግን ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመቈጠብም ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ እንደ ቀለበት የሚዞረው። መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቍጥር ይጠየቃል፤ ከሌላ ቦታ ለመጣም መሸኛ ያስፈልገዋል። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ የሚያከራይ አይገኝም፣ ቀጣሪም ዋስ አምጣ ይላል። ቤት ስለሌለው መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ስለሌለውም ቤት የለውም። ሰፈር ሲፈርስም እንዲሁ ነው፦ ውሉ በስሙ የሆነ ምትክ ይሰጠዋል፤ ደባሉ ግን በመዝገብ ስላልነበረ ማንም ሳያየው ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ተከራይ የሆነውን ሰው ወደ በረንዳ እንዳይወርድ ሊያግዘው ይችላል። ቀድሞ ለወረደው ግን የሚለው የለም።

ስለ ሕመም ሳንናገር ብናልፍ ግማሹን መተው ይሆንብናል። ዶክተር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ጎዳና የሚኖሩ 217 ጐልማሶችን መርምረው ነበር። ከእነዚህ 41 ከመቶው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው፣ 60 ከመቶው ደግሞ ጎጂ በሆነ መጠን እንደሚጠጡ ታወቀ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሕክምና ያገኘው 10 ከመቶ ብቻ ነው። ይህን ቍጥር ደግመን ደጋግመን አነበብነው። በቦሌ መንገድ ራሱን እያነጋገረ የሚሄድ ሰው ስናይ ቦርሳችንን ጠበቅ አድርገን መንገድ እንሻገራለን፤ ከዐሥሩ ዘጠኙ ሐኪም አይቶት የማያውቅ በሽተኛ መሆኑን አናስብም። ስለ መጠጡም «ጠጪ ስለሆነ ነው ጎዳና የወጣው» የሚባለውን እንሰማለን። ጥናቱ መጠጥና በጎዳና መቈየት አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ የትኛው እንደ ቀደመ አይናገርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ በሲሚንቶ ላይ የሚተኛ ሰው ለብርዱ ምን እንደሚሻ መገመት ከባድ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብአዊ ክብሩ የመከበር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲረዳ፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤት ለሁሉ እንዲዳረስ ያዛል። ከዚህ ጐን አዋጅ ቁጥር 384/1996 አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቈጣጠር ወጥቷል። አዋጁ ቤት የሌለውን ሁሉ ቦዘኔ አይልም፤ በሰው አፍ ግን ሁለቱ ተቀላቅለዋል። የሾላው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ መቀላቀል ላይ ነው።

በጎ ሥራም አለ። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተውና አያት አካባቢ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና የተነሡ ብዙ አረጋውያንንና ሕሙማንን ያኖራል። በመጀመሪያ የተጀመረው በመሥራቹ ቤተ ሰብ ቤት ነበር። በከተሞች ሴፍቲኔት ፕሮግራምም በጎዳና የሚኖሩ ሰዎች ድጋፍ እንዲያገኙ ታስቧል። በሌላው ዓለም ፊንላንድ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በተለይም ከ2008 ጀምሮ፣ የተከተለችው መንገድ ልብ ይሏል፦ «መጠጥህን ተው፣ ታከም፣ ከዚያ ቤት እንሰጥሃለን» ማለትን ትታ ቤቱን አስቀድማ ሰጠች። እኛ እንደ ፊንላንድ ሀብታም አይደለንም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ገንዘብ ብቻ የሚወስነው አይመስለንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። ባለፈው ዓመት ለገና ከተማሪው የተሰበሰበ ልብስ ይዘን ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ሄድን። ዐሥራ አንድ ነበርን፤ ስልክ ያልያዘ አልነበረም። ከአጥሩ ሥር ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢ አለበስንና «አባባ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» አልናቸው፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። ሽማግሌው ቀና አሉ። ከዚያ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ይህን ምስል አገር ቤት ያሉት ልጆቼ ያዩታል?» ብለው ጠየቁ። ልጆቻቸው የሚያውቁት አባታቸው በዘበኝነት ተቀጥረው፣ ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ ነው። እኛም «አይ፣ አያዩትም» አልናቸው። ከመካከላችን አንዱ ግን ምስሉን አስቀድሞ በቴሌግራም ልኮት ነበር። በማግስቱ ቢያጠፋውም ስንት ሰው እንዳስተላለፈው አናውቅም። ጋቢውን መልሰው እንዲሰጡን ቢጠይቁን ይቀለን ነበር፤ እርሳቸው ግን መርቀው ሸኙን።

ከዚያ ወዲህ ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ልብስና ያለ ስልክ እየሄድን ተቀምጠን እናወራለን። የተማርነው ጥቂት ነው። ስም መጠየቅ፣ የራስን ስም መናገር፣ በዕድሜ የገፋውን «አንተ» አለማለት። ቆሞ ከላይ ወደ ታች ከመናገር ዝቅ ብሎ መቀመጥ። የሚያስፈልጋቸውን ከመገመት መጠየቅ፤ አንዲት እናት እኛ ብርድ ልብስ ስናስብ እርሳቸው የፈለጉት የጠፋባቸውን መሸኛ በምትኩ እንዲያስወጡ የሚጽፍላቸውና ወረዳ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ነበር። ለዚህ አራት ቀን ፈጀ፤ ብር ግን ከታክሲ ሒሳብ በቀር አልፈጀም። የሕግ ክፍል ተማሪዎች ቢኖሩ ሁለት ቀን ይበቃ ነበር ብለን እናምናለን። ከሆቴል የተረፈ ቡሌ አምጥቶ በጅምላ ማደልን በተመለከተ አልተስማማንም፤ አንዳንዶቻችን የተራበ ሰው ይብላ እንላለን፣ ሌሎቻችን እኛ የማንበላውን አንስጥ እንላለን።

ዘንድሮም ለገና ልብስ የሚያሰባስበው ኮሚቴ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይሰበሰባል። በአጀንዳው ፎቶግራፍ አንሺ ይመደብ ወይስ አይመደብ የሚል ጥያቄ አለ፤ ምስል ከሌለ ዕርዳታ ሰጪ አይገኝም የሚሉ አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። እኛ አይመደብ ብለን ድምፅ እንሰጣለን። በዚያው ስብሰባ ማደሪያ ያጣ ተማሪ ስሙ ሳይነገር የሚረዳበት ገንዘብ ከኅብረቱ መዋጮ እንዲለይም እናመለክታለን። የዘበኛው ጐጆ እንግዳ የነበረው ወንድማችን ማመልከቻውን አብሮን ጽፏል።