እግርና እጅ ሲደነዝዝ፦ ከ«ነርቭ መርፌው» በፊት ስኳር ተለኩ



ከሁለት ወር በፊት ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ከልጃቸው ጋር ወደ እኔ መጡ። የመጡት ለእግር ቁስል ነው። «ዶክተርዬ፣ መቼ እንደቆሰለ እኔም አላውቅም፤ ካልሲዬ ላይ ደም አይቼ ነው» አሉኝ። ጫማቸውን ሳራግፈው ጠጠር ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ሲሄዱ አልተሰማቸውም!

ስጠይቃቸው እግራቸው መደንዘዝ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። «ብርድ ነው» ብለው የነርቭ መርፌ እያስገዙ ይወጉ ነበር። ስኳራቸው ግን አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም። በባዶ ሆድ ስንለካው 263።

ይሄ የነርቭ መርፌ የምንለው ብዙ ጊዜ የቢ1፣ የቢ6 እና የቢ12 ቫይታሚኖች ድብልቅ ነው። እጥረት ላለበት ሰው በጣም ይጠቅማል። ስኳር ነርቩን እየጎዳበት ላለ ሰው ግን ስኳሩን አይቀንስለትም፤ ጊዜውን ብቻ ይበላበታል። እንዲያውም ቢ6 በብዛት ለወራት ሲወሰድ ራሱ መደንዘዝ ያመጣል።

እግር አጣጥፎ ቁጭ ብሎ ሲነሱ የሚደነዝዘውና በደቂቃዎች የሚለቀው አያሳስብም። የሚመላለስ ወይም የማይለቅ ከሆነ ግን ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የቱ ጋ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ግማሽ ምርመራ ነው።

ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ፣ ልክ ካልሲ እንዳጠለቃችሁ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ማታ ማታ የሚያቃጥል ወይም ጉንዳን እንደወረራችሁ የሚያደርግ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር ነው። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሲደገምም እንደዛው ከሆነ ስኳር በሽታ ነው። አረቄና ሌላ መጠጥ ለዓመታት ማብዛት፣ የኩላሊት ችግር፣ ኤችአይቪም እንዲህ ያደርጋሉ። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድም እንዲሁ፤ ከሱ ጋር ትንሿን የቢ6 ክኒን የምንሰጣችሁ ለዚህ ነውና እንዳትተዋት።

ቢ12ም አለ። «ጾም ያመጣዋል ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ጉበታችን ግን ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል። በፍስክ ጊዜ ደህና የሚመገብ ሰው በጾሙ ብቻ ብዙም አይሰጋም። ዓመቱን ሙሉ እነዚህን የማይቀምስ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ወይም ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ግን ቢመረመር ጥሩ ነው። (ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ አታቁሙ!)

አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ደንዝዘው ሌሊት ቀስቅሰው እጃችሁን የሚያስራግፏችሁ ከሆነ አንጓችሁ ላይ ነርቭ ተጭኖ ይሆናል። ነፍሰ ጡሮች ላይ፣ እጃቸው ሥራ የሚበዛበት ሰዎች ላይ፣ የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስም አያለሁ። ትንሿ ጣት ከሆነች ደግሞ ክርናችሁን ተመልከቱ፤ ተኝታችሁ ክርን አጥፋችሁ ስልክ የምታዩ ሰዎች፣ እናንተን ነው። ከወገብ ተነስቶ በአንድ እግር የሚወርድ ከሆነ ዲስክ ይጠረጠራል።

ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ግን ቶሎ ታዩ። ሥጋ ደዌ ዛሬም አገራችን ውስጥ አለ። ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው፤ የሚጎዳው መዘግየቱና መደበቁ ነው።

አሁን የምላችሁ ግን ቀጠሮ የማይጠብቅ ነው፦ በድንገት የሰውነት አንድ ጎን ሲደነዝዝ፣ ፊት ሲጣመም፣ አንደበት ሲያያዝ፤ መደንዘዙ ከድካም ጋር በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ሲወጣ፤ ወይም ብልት አካባቢ ደንዝዞ ሽንት ሲከለክል። ያኔ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

እኚያ እናት ስኳራቸው እየተስተካከለ ነው፣ ቁስላቸውም ሊዘጋ ተቃርቧል። መደንዘዙ ግን አለ፤ ነርቭ አንዴ ከተጎዳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት ውስጡን በእጅ ይዳስሳሉ፣ እግራቸውን ከሰል አጠገብ አያሞቁም፣ የሚታጠቡበትን ውሃ ሙቀት በክርናቸው ነው የሚለኩት። ጎንበስ ብለው ውስጥ እግራቸውን ማየት ስለሚከብዳቸው ልጃቸው ማታ ማታ በስልኳ ፎቶ አንስታ ታሳያቸዋለች።