እርጎ፣ ምስርና የአንጀት ባክቴሪያ

ለምርምር ሲባል አንድም ባክቴሪያ ሳይነካቸው የሚያድጉ አይጦች አሉ። የሚኖሩት በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው፤ አየሩ የተጣራ፣ ምግብና ውኃቸውም ከጀርም የጸዳ ነው። እንዲህ የተጠበቀ እንስሳ ከሁሉ የበረታ ሊመስለን ይችላል፤ ግን አይደለም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚሰባሰቡባቸው ጉብታዎች ጫጭተው ይቀራሉ። በአንጀቱ ገጽ ላይ ተሕዋስያንን የሚይዘው አይጂኤ የተባለ አንቲቦዲም በጣም ያንሳል። ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ጉድለቱ በአብዛኛው ይቃናል፤ አንዳንዱ ግን የሚቃናው ባክቴሪያው ገና በጨቅላነታቸው ከደረሰላቸው ብቻ ነው።

የሰውም መከላከያ ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር አብሮ ያድጋል። በጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችላቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ፤ የሚመገቧቸው አንጀቱ ውስጥ ያሉት ቢፊዶባክቴሪየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እናት ልጇን ብቻ ሳይሆን እነሱንም ታጠባለች።

በአዋቂ ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው በትልቁ አንጀት። ይህን ሁሉ ከደማችን የሚለየው ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ሽፋንና በላዩ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። የመከላከያችን ሥራ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው፤ ወራሪውን እየመታ ምግቡንና ነባሩን ባክቴሪያ መታገሥ አለበት።

ትዕግሥቱ ከየት ይመጣል? አንድ ጉርሻ ምስር ወጥ እንከተል። ፕሮቲኑና አብዛኛው ስታርች ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። አሰሩ ግን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል። ከሚያወጡት አንዱ ቡቲሬት ነው። ቡቲሬት የአንጀቱን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባል፤ መቆጣትን የሚያበርዱትን፣ ቲ ሕዋሳት የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳትም ያበራክታል። አሰር ሲጠፋ ደግሞ፣ በአይጦች እንደታየው፣ የተራቡት ባክቴሪያዎች ያንን ዝልግልግ ፈሳሽ ራሱን መብላት ይጀምራሉ።

ሕያው ባክቴሪያ ለጤና ብሎ መመገብ፣ ማለትም ፕሮባዮቲክ፣ የቆየ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ኤሊ ሜችኒኮቭ የረጋ ወተት ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ያምን ነበር። እኔ ግን ከፕሮባዮቲክ እንክብል ምስሩን አስቀድማለሁ። የተዋጠው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰነብት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ምንም ካልወሰዱት ዘግይቶ እንደተመለሰ አሳይተዋል። ያም ሆኖ የተወሰኑ ዝርያዎች በአንቲባዮቲክ ሳቢያ የሚመጣውን ተቅማጥ ይቀንሳሉ። መከላከያው በጣም የደከመ ሕመምተኛ ግን ሐኪም ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም።

እንጀራስ? ሊጡ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ይሞታል፤ የጤፉ አሰር ግን ይተርፋል። እርጎ ሕያው ነው፤ ካልፈላ ወተት ሲሠራ ግን ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ ይችላል። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከፋብሪካ እርጎ ጥቂት ጨምሮ ማርጋት ይሻላል።